የደሴ የአየር ድብደባ ሙታን፤ ከቁጥር ወደ ስም

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 6 ቀን 1935፥ ዓርብ ዕለት የኢጣልያ የጦር አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ስለዚህ ድብደባ የተጻፈው ነገር ጥቂት አይደለም። የአቤቱታ ቴሌግራም አለ፤ የጋዜጠኞች መጽሐፍ አለ፤ የሐኪሞች ምስክርነት አለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪክ አለ፤ በቅርብ ዘመንም ከልዩ ልዩ መዛግብት ተለቅሞ የተጻፈ ጥናት አለ። ይህን ሁሉ በተከታታይ ያነበበ ሰው የሆስፒታሉን መመታት፥ የቀይ መስቀሉን ምልክት ትልቅነትና የንጉሠ ነገሥቱን ድፍረት አጥርቶ ያውቃል። የሞቱትን ሰዎች ስም፥ አባትና አገር ግን ከእነዚህ መጻሕፍት እምብዛም አይማርም። ይህ ጉድለት ከምን እንደ መጣና በምን መንገድ ሊቃና እንደሚችል መመርመር ይገባል።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ አድዋንም ከአየር ከደበደበ በኋላ፥ ደሴ የሰሜኑ ጦር ዋና መሰብሰቢያ ሆነች። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከድብደባው አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብለው ወደዚያ ሄደው ነበር። በድብደባው ቀን ራሳቸው መትረየስ ይዘው መተኮሳቸው በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተነገረ። በአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን የሚመራውና የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት ሆስፒታል ተመታ። በስፍራው የነበሩት የውጭ አገር ሐኪሞችም ያዩትን ጽፈው፥ ፈርመው ወደ ጄኔቭ አስተላለፉ። የኢትዮጵያ መንግሥትም ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አለ።

የጉድለቱ መነሻ እዚሁ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በዚያው በ1935 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፥ ኢትዮጵያም የጄኔቭን ውል የተቀበለችው በዚሁ ዓመት ነው። ስለዚህ በጄኔቭ ሸንጎ ፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይኸውም ምልክቱ ከአየር ይታይ ነበርን? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው የድንኳኑ ብዛት፥ የጣሪያው ቀለም፥ የተሰበረው የሕክምና መሣሪያና የባዕድ ምስክር ነው። የሟቹ የአባት ስም ለክርክሩ አይጠቅምም። በእሳት መካከል ሆነው ቁስለኛ ሲያክሙ የዋሉት ሐኪሞች ለዚያ ሸንጎ የሚያስፈልገውን ጽፈው ማለፋቸው የሚያስነቅፋቸው አይደለም። የሚያስነቅፈው ሸንጎው ከፈረሰ፥ ማኅበሩም ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ያንኑ ጥያቄ ብቻ እየደጋገሙ መጠየቃቸው ነው።

የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ወኪል የነበረው ጆርጅ ስቲር በ1936 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ቄሣር በሐበሻ» የተባለው መጽሐፍ ለኢትዮጵያ ወዳጅነቱን ያልሸሸገ፥ የአይሮፕላንን ጉልበትም በሚገባ የተረዳ ድርሰት ነው። ነገር ግን የጸሐፊው ዓይን በጦርነቱ አካሄድና በመሪዎቹ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ የነበረው የስዊስ ሐኪም ማርሴል ዡኖ በ1947 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሦስተኛው ተዋጊ» በኮረም በመርዝ ጢስ የተቃጠሉትን ሰዎች ሥቃይ አንባቢው በማይረሳው አኳኋን ይተርካል። ቢሆንም የሚሠቃዩት ሰዎች እንደ አንድ ትልቅ ጩኸት ይሰማሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ተለይተው አይታዩም። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉ በባዝ ከተማ ያዘጋጁትና ክፍል አንዱ በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታተመው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የክስ መጽሐፍ ነው፤ ቃሉን የሚያሰማው ኢትዮጵያን ለከዳው ዓለም ነው። ራይነር ባውደንዲስቴል በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቀይ መስቀል ታሪክ የጄኔቭንና የኢጣልያን ሰነዶች ጎን ለጎን አድርጎ ስለሚመረምር ከሁሉም የጠለቀ ነው። እርሱም ቢሆን የመረመረው የማኅበሩን ሥራና ድካም ነውና፥ ከሰነዱ ወጥቶ ወደ ሟቾቹ መንደር መሄድ የመጽሐፉ ዓላማ አልነበረም።

የዚህ ልማድ ውጤት በሌላ ስፍራ ይበልጥ ይታያል። በደቡቡ ጦር ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን የሕክምና ጓድ በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በቦምብ በተመታ ጊዜ ስዊድናዊው ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ። ስሙ ነገሩን በሚያነሣ መጽሐፍ ሁሉ ይገኛል፤ መገኘቱም ተገቢ ነው። በዚያው ድንኳን ተኝተው ሳሉ የተገደሉት ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች ግን በነዚሁ መጻሕፍት «ሕሙማን» ተብለው ብቻ ይታለፋሉ። አንደኛው በስሙ፥ ሌሎቹ በብዛታቸው ተመዘገቡ።

ብዛታቸውም ቢሆን በጥንቃቄ የተያዘ አይደለም። በጦርነቱ ፍጻሜ፥ በ1946 እ.ኤ.አ.፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ባቀረበው ማስታወሻ የሟቾቹ ጠቅላላ ቁጥር 760,300 ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ ውስጥ በጦር ሜዳ የሞቱት 275,000፥ በወረራው ዘመን ሲዋጉ የወደቁት አርበኞች 78,500፥ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ የሞቱት 30,000፥ በቦምብ የተገደሉት ሴቶች፥ ሕፃናትና ሌሎች ሰዎች 17,800 ናቸው። በዚያው ማስታወሻ 2,000 አብያተ ክርስቲያናት፥ 525,000 ቤቶችና 6,000,000 ከብቶች መጥፋታቸው ተገልጿል። ሰውም ቤትም ከብትም በአንድ ዓይነት ድፍን ቁጥር ተቆጠሩ። ይህ የካሣ መጠየቂያ ወረቀት ነው፤ በካሣ ወረቀትነቱ አይነቀፍም። ነገር ግን 17,800 የሚለው ቁጥር በየትምህርት ቤቱ እንደ ተጠናቀቀ ታሪክ ሲጠቀስ ከደሴ ስንቱ፥ ከኮረም ስንቱ፥ ከኦጋዴን ስንቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ከማስታወሻው ሊመለስለት አይችልም።

በደሴም ላይ እንዲሁ ነው። በዚያ ሰሞን በልዩ ልዩ ጋዜጦች የታተመው የሟቾች ቁጥር እርስ በርሱ አይስማማም። አለመስማማቱ የግድ ከሐሰት የመጣ አይደለም። በዕለቱ የሞተውን ብቻ የቆጠረና በማግሥቱ በቁስሉ የሞተውን የጨመረ አንድ ቁጥር ሊያወጡ አይችሉም። የከተማውን ሰው ብቻ የቆጠረና በከተማው የሰፈረውን ወታደር ጭምር የቆጠረም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘመዶቹ በቃሬዛ ወደ አገሩ ሲወስዱት በመንገድ የሞተ ቁስለኛ በየትኛውም የሆስፒታል መዝገብ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ሐያሲው «የትኛው ቁጥር ትክክል ነው?» ከማለቱ በፊት «እያንዳንዱ ቁጥር ማንን ቆጠረ?» ማለት ይገባዋል።

እንዲህ ያለው ምርመራ በሌላ አገር ምን ውጤት እንዳስገኘ ለማየት ከዚያው ከስቲር ሳይርቁ መሄድ ይቻላል። ስቲር ከኢትዮጵያ ተባሮ ወደ እስፓኝ ከሄደ በኋላ በ1937 እ.ኤ.አ. የባስኮች ከተማ የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ያስታወቀ እርሱ ነው። የባስክ መንግሥት የሟቾቹ ቁጥር 1,654 ነው ብሎ ነበር። የአገሬው ተመራማሪዎች ከዘመናት በኋላ የመቃብርና የሆስፒታል መዝገቦችን አንድ በአንድ ፈትሸው በስም ያገኙት 126 ያህል ነው፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ይሁን እንጂ የስሙ ዝርዝር ከወጣ በኋላ ክርክሩ ሁሉ ስለ ታወቁ ሰዎች ሆነ። በአገራችንም ኢያን ካምቤል ስለ የካቲት 12 ጭፍጨፋ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ግድያውን በየሰፈሩና በየሰዓቱ ከፋፍሎ፥ የምስክሮችን ቃልና የመቃብሮችን ስፍራ አስተያይቶ፥ በ30,000 ፈንታ ወደ 19,200 ደርሷል። ቁጥሩ አነሰ፤ ክሱ ግን ይበልጥ ጠነከረ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክፍል የቆመበት መሠረት ይታያልና።

ለደሴ ይህን የመሰለ ሥራ የሚሠራ ሰው በደሴ ከተማ ብቻ ሊወሰን አይችልም። በጦርነት ጊዜ ደሴ የተከማቸው ሰው ከየአገሩ የመጣ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፥ ሮቢን አልፎ፥ በቦርከና ሸለቆ በኩል ነው ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚወጣው። ይህ ሸለቆ ዛሬ ከሚሴን ዋና ከተማው ያደረገው የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። ጨፋ፥ አርጡማ፥ ጅሌ፥ የሰኞ ገበያዋ የታወቀው ባቲም የዚሁ ዞን ክፍሎች ናቸው። ከዚህ አገር ለዘመቻ፥ ለስንቅ ጭነት ወይም ለንግድ ወደ ደሴ የወጣ ሰው ቢሞት የሚለቀስለት በደሴ አይደለም፤ በመንደሩ ነው። ስለ ደሴ የጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ግን በዚህ ሸለቆ ያለፉት በመኪና ነው፤ ለመጠየቅ የቆመ የለም።

በዚህ አገር የሚጠይቅ ተመራማሪ ሦስት የዘመን አቆጣጠር ማወቅ ያስፈልገዋል። ኅዳር 26 የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ገብቷል። በሂጅራ አቆጣጠር ደግሞ ወሩ የ1354 ረመዳን ነበር። ስለዚህ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚያ ዓርብ ጾመኛ ነበር። «ጾም ላይ ሳለን» የሚል ቃል ብቻውን የተናጋሪውን ሃይማኖት እንኳ አይለይም፤ የትኛው ጾም እንደ ሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው። ጥቅሙም ቀላል አይደለም። በኮረም የእንግሊዞች የሕክምና ጓድ የተደበደበው የካቲት 25 ቀን ሲሆን ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ በእስላሞች ዘንድም የአረፋ ሰሞን ነበር። በረመዳን የተረዳ ሞትና በአረፋ የተረዳ ሞት ከተለያዩ፥ የደሴው ሟች ከኮረሙ ሟች ይለያል።

ቀጥሎ የስም ጉዳይ አለ። በወሎ አንድ ሰው በቤቱ በእስልምና ስሙ፥ በጭፍራው መካከል በቅጽል ስሙ፥ አንዳንድ ጊዜም «አባ» በሚል በፈረሱ ስም ሊጠራ ይችላል። ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት አገር የአንዱ ስም አጠራር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ይለወጣል። ይህን ያላስተዋለ መዝጋቢ አንዱን ሟች ሁለት ያደርገዋል፤ ወይም ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። መድኃኒቱ ሟቹን በስሙ ብቻ ሳይሆን በአባቱ፥ በእናቱ አገርና በተተኪዎቹ መመዝገብ ነው። ሟቹ ሑሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የ19ኛው ምዕት ዓመት የወሎ እስልምና ታሪክ የሸኾችን ታሪክ ከተወላጆቻቸው አፍ በመሰብሰብ ከጽሑፍ ጋር እንዴት እንደሚስተያይ አሳይተዋል። ያ መንገድ ለሊቃውንቱ ከሠራ ለተራውም ሰው ሊሠራ ይችላል።

የቀብርና የሐዘን ሥርዓትም ራሱ መዝገብ ነው። በእስልምና ሥርዓት በጦር ሜዳ የወደቀ ሸሂድ ሳይታጠብ በልብሱ ይቀበራል፤ በእሳት ወይም ቤት ተንዶበት የሞተም ከሸሂዶች ይቆጠራል፤ እርሱ ግን ይታጠባል። ስለዚህ «ታጠበን?» የሚለው ጥያቄ ቤተ ሰቡ ሟቹን እንደ ወታደር ወይም እንደ ከተማ ሰው መቁጠሩን ሊያመለክት ይችላል። በመቃብሩ ላይ ጽሑፍ ባይኖርም፥ በሰደቃውና በወዳጃው ዱዓ ላይ ስሙ ይነሣል። በክርስቲያኑ ዘንድ ደግሞ የኅዳር 26 ሟች አርባ ጥር 5 ይውላል፤ ተዝካሩን ያወጣው ቤት ከነወጪው ያስታውሰዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ሬሳው ሳይመጣ የተለቀሰለት ማን ነው?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ቁጥር አይሆንም፤ ሁልጊዜ ስም ነው።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በዚያን ቀን የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እንግዲህ ማንን ይጠይቁታል? ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ያየ ሰው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ያለቀሰ ቤት ግን አልጠፋም። ልጅ የአባቱን፥ የልጅ ልጅም የአያቱን አሟሟት የሚያውቀው ከታሪክ መጽሐፍ አይደለም፤ በርስት ክፍያ፥ በውርስ ክርክርና በስም አወጣጥ ነው። ሌላው ተቃውሞ በስም የሚገኘው ከተነገረው ቢያንስ ጠላትን ይጠቅማል የሚል ነው። ይህም ፍርሃት መሠረት የለውም። ቀይ መስቀል የተደረገበትን ሆስፒታል መደብደብ ሟቹ አንድ ቢሆንም፥ መቶ ቢሆንም ወንጀል ነው። በአንጻሩ መሠረቱ የማይታይ ድፍን ቁጥር የሚክድ ሰው በመጣ ጊዜ ተሟጋቹን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

እስካሁን የተጻፉት መጻሕፍት የበዳዩን በደል አስረድተዋል፤ ይህ ውለታቸው ሊዘነጋ አይገባም። የተበዳዮቹን ማንነት ማስረዳት ግን ለአገሬው ተመራማሪ የቀረ ሥራ ነው። ሥራውም ብዙ ገንዘብና ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። ከደሴ እስከ ከሚሴና እስከ ባቲ ባሉት መንደሮች ኦሮምኛና አማርኛ አስተባብረው የሚያውቁ ተማሪዎች፥ ሦስቱን የዘመን አቆጣጠር የያዘ አንድ ሰሌዳ፥ የሟቹን ስም፥ አባቱን፥ አገሩን፥ የሞተበትንና የተቀበረበትን ስፍራ፥ የነገረውንም ሰው ዝምድና የሚመዘግብ አንድ ደብተር ይበቃሉ። ደብተሩ ሃምሳ ስም ቢይዝ፥ ስለ ደሴ ድብደባ የሚጻፈው ቀጣዩ መጽሐፍ ከነዚያ ሃምሳ ሰዎች መጀመር ይችላል።