ቀዳዳው ቀና ነው ወይ?

ፊንላንድ ውስጥ አዳኝ ጠመንጃው አፈሙዝ ላይ ጥቁር ቱቦ አጥብቆ ወደ ጫካ ሲገባ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የድምፅ ማፈኛ እዚያ የራስንና የውሻን ጆሮ መጠበቂያ፣ የተለመደ የአደን ዕቃ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1934ቱ ሕግ ወዲህ ምዝገባ ይጠይቃል፤ ጨርሶ የሚከለክሉትም አገሮች አሉ። ገዢ ከሁሉ በፊት የአገሩን ሕግ ይወቅ።

ጠመንጃዬ ጸጥ ይላል ብሎ የሚገዛ ግን ያዝናል። የአደን ጠመንጃ ያለ ማፈኛ ሲተኮስ ከ160 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል። ጥሩ ማፈኛ ከዚህ ላይ ከ20 እስከ 35 ያህሉን ያነሳል፤ የሚቀረውም ቀላል አይደለም። የጥይቱ እርሳስ ከድምፅ ፈጥኖ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማውን ጩኸት ደግሞ ምንም ማፈኛ አያስቀረውም።

በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የሠራው ሃይራም ማክሲም በስተርጅናው ጆሮው ደንቁሮ ነበር። ለጠመንጃ ማፈኛ እ.ኤ.አ. በ1909 የአሜሪካ ፓተንት ያገኘው ልጁ ሃይራም ፐርሲ ማክሲም ነው። የማፈኛው አሠራር ከመኪና ማርሚታ ጋር አንድ ነው፤ የታመቀው ጋዝ ባንዴ ፈንድቶ እንዳይወጣ ከክፍል ወደ ክፍል እየተንገላታ፣ እየቀዘቀዘና ግፊቱ እየበረደ ይለቀቃል።

ልዩነቱ፣ በማፈኛው መሐል እርሳስ ማለፉ ነው። በውስጡ የተደረደሩት ሾጣጣ ግድግዳዎች ሁሉ መሐላቸው የተበሳ ነው። እርሳሱ በሰከንድ 800 ሜትር ገደማ እየበረረ፣ በዙሪያው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ክፍተት ብቻ ይዞ፣ አንዱንም ሳይነካ ማለፍ አለበት። 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ማፈኛ በአንድ ዲግሪ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ቢያዘነብል ጫፉ ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ይዛነፋል። ይህ ዓይን የማይለየው ጥመት እርሳሱን ከግድግዳው ጋር ሊያላትመው ይበቃል።

ስለዚህ የባለሙያው እጅ መታየት የሚጀምረው ማፈኛው በርሜሉ ላይ ከሚጠብቅበት ጥርስ፣ ከፊሌቶው ነው። በአውሮፓ የአደን ጠመንጃዎች ላይ ከሚዘወተሩት አንዱ 15 ሚሊ ሜትር ስፋትና በጥርስና ጥርስ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ነው። በደንብ የተቆረጠ ፊሌቶ በጣት ሲዞር አይንገጫገጭም፣ ወዲያ ወዲህም አይልም፤ አንድ ወጥ ሆኖ ይሄድና የበርሜሉ ትከሻ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማፈኛውን ቀና የሚያደርገው ይህ ትከሻ ነው፤ በመጋጠሚያው በኩል ብርሃን ከታየ ሥራው ጎድሏል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በልኩ የተሞረደ ቀጥ ያለ ዘንግ በበርሜሉ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ በማፈኛው መውጫ ቀዳዳ ልክ መሐል ላይ መታየት አለበት።

ቀጥሎ ብየዳው ይታያል። ታይታኒየም ሲበየድ አየር ከነካው ቀለሙ ይመሰክራል። ብርማ ወይም ፈዘዝ ያለ የገለባ ቀለም የያዘ መስመር ከአየር በደንብ መከለሉን ያሳያል፤ ሰማያዊ ከሆነ ያጠራጥራል፤ እንደ ኖራ ከነጣ ደግሞ ብረቱ ተሰባሪ ሆኗል። አንዳንዱ ሠሪ ይህን በቀለም ይሸፍነዋል፤ በእጁ የሚተማመነው ግን መስመሩን ገልጦ ይተወዋል።

የብረቱ ምርጫ ከአተኳኮስ ጋር ይሄዳል። ታይታኒየም ከብረት በ40 በመቶ ገደማ ስለሚቀል፣ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ አንድ ሁለት ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ የተመቸ ነው። ሲግል ግን ጥንካሬው ይቀንሳል። ሳያቋርጥ ለሚተኩስ እንደ ኢንኮኔል ያለ ሙቀት የሚችል ቅይጥ ይሻለዋል፤ ክብደቱን ግን አፈሙዙ ላይ ይሸከማል።

ዛሬ ታይታኒየምን በዱቄት መልክ በሌዘር እያቀለጡ፣ ያለ አንዲት የብየዳ መስመር፣ ቶርኖ ሊደርስበት የማይችል የውስጥ ቅርጽ ያትማሉ። ያም ሆኖ ፊሌቶው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ወደ ቶርኖ ይመለሳል፤ ማተሚያው ያን ያህል ልቅም ያለ ልክ አያወጣምና። ሻጭ ከሁሉ አስቀድሞ ዴሲቤል ይጠራል። ዴሲቤሉ ግን ከጠመንጃ ጠመንጃ፣ ከመለኪያ መለኪያ ይለያያል። ሠሪው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ቀዳዳው ከፊሌቶው ጋር በስንት እንደሚዛነፍ ነው። ይህን ለክቶ በቁጥር የሚመልስ ሠሪ፣ የሚቀንሰው ዴሲቤል ከሌላው በሁለት ቢያንስም፣ ገንዘብ የሚገባው እሱ ነው።