ለጎጃም ንብ አናቢ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ንብ እንደ ቤተሰብ ናት። ቀፎው ከቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ይቀመጣል፤ ልጆችም በአጠገቡ እየተመላለሱ ያድጋሉ። ማሩን ሁሉም ያወድሳል፤ እኔ የማደንቀው የአናቢውን እጅ ነው።

ባህላዊው ቀፎ ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ተጎንጉኖ በእበት ይለሰናል። ሲደርቅ ውስጡ በወይራ ጭስ ይታጠንና ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ቤት ፈላጊው የንብ መንጋ ሽታውን ወዶ እንዲገባ ነው።

አደይ አበባ ሜዳውን አልብሶ ሲያልፍ የማር ቆረጣው ይደርሳል። ሲመሽ የደረቀ እበት ይለኮሳል። አናቢው ጭሱን ቀስ አድርጎ ይነፋና ንቦቹ ሲያፈገፍጉ እጁን ይሰዳል። የተደፈነውን የማር እንጀራ ይቆርጣል፤ እጭ የያዘውን አይነካም፤ ለንቦቹም ስንቅ ያስቀርላቸዋል። ባለ ፍሬሙ ዘመናዊ ቀፎ የበለጠ ማር እንደሚሰጥ አልክድም፤ ይህን ስስት የሌለበት አቆራረጥ ግን ቀፎ አያስተምርም፣ አባት ለልጁ ያሳየዋል እንጂ።

ንብ ብትጠፋ ጠጁም የቤተ ክርስቲያኑ ጧፍም ይቸግራል። የኑግ ማሳውስ? ኑግ በራሱ ብናኝ እምብዛም ፍሬ አይዝም፤ ከሌላው ተክል የአበባ ብናኝ የምታመጣለት በዋናነት ንብ ናት። ዘይቱም ከእሷ ጋር ይሄዳል።

ማሳችሁ ላይ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የምትረጩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ለጎረቤታችሁ አናቢ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ርጭቱንም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ አድርጉት።