ዶሜይን መግባት ስላቃተው ኮምፒዩተር፤ በተለመደው ምርመራ ላይ የቀረበ ሒስ

በአንድ ሰብኔት ያሉት ኮምፒዩተሮች ያለ ችግር ዶሜይን ሲገቡ፥ ከራውተር ማዶ ያሉት ቢያቅታቸው፥ ብዙዎቻችን አስቀድመን ፒንግ እናደርጋለን፤ መልስ ከመጣም «ኔትወርኩ ደኅና ነው» ብለን እንፈርዳለን። ይህ ፍርድ የችኮላ ነው እንላለን። ፒንግ የሚመሰክረው አድራሻው መልስ መስጠቱን እንጂ ኮምፒዩተሩ ዶሜይን ኮንትሮለሩን ፈልጎ ማግኘቱን አይደለም።

በዊንዶውስ ኤንቲ ጊዜ፥ በአንድ ሰብኔት ያሉ ኮምፒዩተሮች ኮንትሮለሩን በብሮድካስት ጥሪ ሊያገኙት ይችሉ ነበር፤ ጥሪውን ግን ራውተር አያሳልፈውም። እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ወዲህ ኮንትሮለሩ የሚፈለገው በዲኤንኤስ ውስጥ በሚገኘው የኤስአርቪ መዝገብ ነው። ዲኤችሲፒ ለየሰብኔቱ የተለያየ ዲኤንኤስ ሊሰጥ ስለሚችል፥ አንዱ ወገን የውጭ ዲኤንኤስ ቢደርሰው መዝገቡን አያገኝም። ሆስትስ ፋይልም አይተካውም፤ የስምና የአድራሻ ጥንድ ብቻ ይይዛልና።

ፋየርዎሉን አጥፍታችሁ ሞክሩ የሚሉም አሉ። ይህ በሽታውን ሳያውቁ በሩን ለሌባ ከፍቶ መተው ነው። ስለዚህ ምርመራው ከዲኤንኤስ ይጀምር፤ ቀጥሎ 53፥ 88፥ 389 እና 445 ፖርቶች በራውተሩ በኩል ማለፋቸው፥ በመጨረሻም የሰዓቱ ልዩነት ከርቤሮስ እንደ ልማዱ ከሚፈቅደው 5 ደቂቃ አለማለፉ ይታይ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተገኘ መፍትሔ ዕድል እንጂ ዕውቀት አይባልም።