ሞፈሩ ወረቀቱ ላይ አልገባም

በኮምፒውተር ንድፍ የሚማር ልጅ መጀመሪያ ምን ይሣል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በእኔ ሥራ ውስጥ ግን ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ የለም። በየመጽሐፉ የምናገኘው ልምምድ የታወቀ ነው፤ አንድ ጥጉ የተቆረሰ ኩብ፣ መሃሉ የተበሳ ብረት፣ ደረጃ ደረጃ የተሠራ ግንድ። የትም ቦታ ለምንም ነገር አያገለግሉም፤ ልካቸውም ተጽፎ ነው የሚመጣው። ልጁ 40፣ 25፣ 10 የሚሉትን ቁጥሮች አንብቦ ወደ ማሽኑ ያሻግራል፣ ሥዕሉ ይወጣል፣ ነጥቡን ያገኛል። የተማረው መገልበጥን ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ለማስተምራቸው ልጆች የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ማረሻ ነው። ብዙዎቹ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ከጃቢ ጠህናን፣ ከቋሪት፣ ከደምበጫ፣ ከቡሬ ዙሪያ የመጡ። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሜትርና ደብተር ይዘው ይሄዳሉ። ሰኞ ሲመለሱ ከእያንዳንዱ የምፈልገው የአባቱን ማረሻ ልክ ነው፤ ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ሁለቱን ድግሮች፣ ወገሉን፣ ቀንበሩን ከነማነቆው፣ ብረቱን ከነጫፉ። ኮምፒውተሩን የምንከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

ማረሻ ለጀማሪ ከባድ ነው የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ድግሩ ቀጥ ያለ ገጽ የለውም፤ ሞፈሩም ከዛፍ የተቆረጠ በመሆኑ ትንሽ ይጎብጣል። ክብደቱ ግን ነው ጥቅሙ። ልጁ ከየት ጀምሮ ልለካ ብሎ መወሰን አለበት። የጎበጠውን ሞፈር ቀጥ አድርጌ ልሣለው ወይስ እንደ ጎበጠ? ጉብጠቱ ሥራ አለው ወይስ የዛፉ አበቃቀል ብቻ ነው? መልሱን መጽሐፉ ውስጥ አያገኘውም፤ ሄዶ ያረሰውን ሰው መጠየቅ ግድ ይለዋል።

የመጀመሪያው ችግር የሚገጥመን ወረቀቱ ላይ ነው። በእርሳስና በቲ-ስኩዌር ስንማር ከአንዲት መስመር በፊት የምንወስነው ነገር ሚዛን ነበር፤ አንድ ለአምስት ነው ወይስ አንድ ለአሥር? በኮምፒውተር ነገሩ ተገልብጧል። ዕቃው በሙሉ ልኩ ይሣላል፣ ሚዛኑ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ሊታተም ሲል ነው። ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፤ አደጋም አለው። ማውሱን ወደፊት ሲያሽከረክሩት አንድ ቡሎን ስክሪኑን ይሞላል፣ ወደ ኋላ ሲያሽከረክሩት ቤት እንደ ምስር ያንሳል፤ ዓይን መጠን የሚያውቅበት ነገር ያጣል። ሞፈር ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ልጁ በሚሊሜትር የተከፈተ ፋይል ላይ 3 ብሎ ይጽፍና የሚታየው መስመር ረጅም ስለሚመስል ደስ ብሎት ይቀጥላል። የሣለው ሞፈር ከስንዴ ፍሬ ያጠረ መሆኑን የሚያውቀው ቀንበሩን በትክክለኛ ልኩ ሲያመጣው ነው።

ማተም ሲመጣ ደግሞ ያለን ማተሚያ ኤ4 ብቻ ያትማል። የኤ4 ረጅም ጎን 297 ሚሊሜትር ነው። ሦስት ሜትር በአንድ ለአሥር 300 ሚሊሜትር ይሆናል። በሦስት ሚሊሜትር አይገባም! ይህን በማየቴ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ ክፍሉ ውስጥ መከራከር የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነውና። አንዱ ወደ አንድ ለሃያ እናውርደው ይላል፤ ያኔ የወገሉ ውፍረት የፀጉር መስመር ይሆናል። ሌላው መሃሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ በሰባራ መስመር እንቁረጠውና ሁለቱን ጫፍ ብቻ እናሳይ ይላል። ሌላዋ ሞፈሩ በአንድ ለሃያ፣ መጋጠሚያው ለብቻው ጎልቶ በአንድ ለሁለት ይሁን ትላለች። ሦስቱም ትክክል ናቸው። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ምን ሊሠራበት እንደፈለገ ነው።

የሙያውን ታሪክ በአጭሩ አነሣላቸዋለሁ፤ ሩቅ እንዳይመስላቸው ነው። ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ ተማሪ በአሜሪካው ኤምአይቲ ስኬችፓድ የሚባለውን ፕሮግራም ለዶክትሬት ማሟያው ያቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ነው። በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር ይሠመራል፣ ማሽኑ «እነዚህ ሁለቱ እኩል ይሁኑ፣ እነዚህ ትይዩ ይሁኑ» የሚለውን ትእዛዝ ይጠብቃል። በዚያው ዓመት ነው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው፤ እኛ ካለንበት በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱበት ከተማ። ኦቶካድ የሚባለው የንድፍ ፕሮግራም የመጣው ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። እኛ አገር የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ቴክኒካል ድሮዊንግ ነበረው። ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ ስላልነበረ ግን ልጆቹ ሰዓቱን ለፊዚክስና ለሒሳብ ጥናት ይጠቀሙበት ነበር። አልፈርድባቸውም።

ወደ ማረሻው ልመለስ። አንዲት ተማሪ ከቋሪት ልኳን ይዛ መጣች፤ ከሞፈሩ ርዝመት ፊት ለፊት ግን ቁጥር አልነበረም። አባቷን ጠይቃቸዋለች። «ሞፈር ስንት መሆን አለበት ብላቸው ‹ለየትኛው በሬ?› አሉኝ፣ ቲቸር» አለችኝ። መልስ ያላገኘች መስሏት አፍራለች። እኔ ግን እስካሁን ወደ ክፍል ከመጡት መልሶች ሁሉ የላቀው ይሄ ነው እላለሁ።

ምክንያቱን ልግለጽ። ነፃ የሆነውን የንድፍ ፕሮግራም ፍሪካድን ነው የምንጠቀመው። ተማሪዋ አራት ማዕዘን ስትሥል ፕሮግራሙ ጎኖቹን ቀጥ አድርጎ ያገናኛቸዋል፣ ከዚያ አራት ነገር ገና ክፍት ነው ብሎ ይነግራታል፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ከመነሻው ነጥብ ወደ ጎንና ወደ ላይ ያለው ርቀት። ክፍት ሳለ መስመሩ ነጭ ነው፤ በማውስ ጎትታ ታንቀሳቅሰዋለች። አንድ በአንድ ስታስረው፣ የመጨረሻው ሲታሰር ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል። አንዱን ልክ ከሌላው ጋር ማያያዝም ትችላለች፤ ይህ የዚያ ሁለት እጥፍ ይሁን፣ ይህ ከዚያ በዚህን ያህል ይነስ። እናት የሆነውን ቁጥር ስትለውጥ ልጅ የሆኑት ቁጥሮች ሁሉ ይከተላሉ። ሰዘርላንድ በ1963 ያሳየው ዋና ነገር ይሄ ነበር።

የሞፈሩ ርዝመት በሬውን ይከተላል። የእርፉ ቁመት አራሹን ይከተላል። የቀንበሩ ርዝመት ደግሞ ሁለቱ በሬዎች ሳይገፋፉ ጎን ለጎን የሚሄዱበትን ስፋት። ማረሻው ከሞፈሩ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ግን በሬም ሰውም ቢለወጥ ብዙ አይለወጥም፤ እሱ የአፈሩ ነው። የተማሪዋ አባት በአንድ ጥያቄ የነገሯት የትኛው ቁጥር የታሰረ፣ የትኛው ክፍት፣ የትኛው ከማን ጋር እንደሚሄድ ነው። አገራችን በክንድ፣ በስንዝርና በጋት ስትለካ የኖረችው ሜትር ስላልነበራት ብቻ አይደለም። ዕቃው የሚሠራው ለአንድ ሰው አካል ሲሆን አካሉ ራሱ ትክክለኛው መለኪያ ነው። በክንድ የሚያስብ ልጅ ቁጥርን ከቁጥር ማያያዝ ቀድሞ ገብቶታል፤ ከመጽሐፍ 40 እና 25 የገለበጠ ልጅ ግን ቁጥሮቹ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ጠይቆ አያውቅም። የገጠር ልጅ ለኮምፒውተር ሩቅ ነው የሚለውን አነጋገር የማልቀበለው ለዚህ ነው። ማውስ መያዝ በጥቂት ቀን ይለመዳል።

ፍሪካድን የመረጥነው በነፃ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም። ኦቶካድንም የሚሠራው ኩባንያ ለተማሪ በነፃ ይሰጣል፤ ተማሪነትን ማረጋገጡና ፈቃድ ማሳደሱ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ቲንከርካድ ለጀማሪ እጅግ ያማረ ነው፤ የሚሠራው ግን በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ስንቱ ልጅ ደብተሩን አስቀመጠ። በዚህ አገር የሚመረጥ መሣሪያ ከአንድ ፍላሽ ላይ ተጭኖ፣ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ መሆን አለበት። ፍሪካድ የተጀመረው በ2002 ነው፤ ሠሪዎቹ 1.0 የሚል ቁጥር የሰጡት ኅዳር 2024 ላይ ነው፣ ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ከሃያ ዓመት በላይ በትዕግሥት ተሠርቶ ለማንም የሚሰጥ ነገር መኖሩ እኔን ያስደንቀኛል፤ ለልጆቹም ደጋግሜ የምናገረው ነው። መብራት ሲጠፋ ወደ እርሳስ እንመለሳለን፣ በእጅ ንድፍ እናወጣለን። ያ ሰዓት ባክኖ አያውቅም፤ በእጁ ያልነደፈ ልጅ ማሽኑ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም።

ሁለተኛው ሥራችን ከቡሬ ጋር የተያያዘ ነው። ቡሬ የበቆሎ አገር ነው። የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቁ ወዲህ ልጆቹ ስለ ሥራ ሲያስቡ ወደዚያ ያያሉ። ፋብሪካ ውስጥ የሚገባ ጥገና ሠራተኛ ሥዕል ማንበብ አለበት፤ ይህን እነግራቸዋለሁ። ለመማር ግን ይበልጥ የሚጠቅመን የመንገድ ዳሩ ብየዳ ቤት ነው። አንጎላሬ፣ ላሜራና ኩሽኔታ ተሰብስቦ በሩም፣ መስኮቱም፣ የበቆሎ መፈልፈያውም የሚወጣው ከዚያ ነው። ልጆቹ የመፈልፈያውን አፍ፣ በቆሎው የሚገባበትን የላሜራ ሣጥን፣ ይሥላሉ። ሣጥኑ ታጥፎ ስለሚሠራ ከመታጠፉ በፊት ያለውን ዝርግ ቅርጽ ማውጣት አለባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ባለ 2 ሚሊሜትር ላሜራ በቀጥታ ማዕዘን ይታጠፍ፣ ሁለቱ ጎኖች ከውጭ ሲለኩ 50 እና 50 ይሁኑ። ልጁ 100 ይቆርጣል። ሲታጠፍ ግን አንደኛው ጎን ይረዝምበታል፣ ምክንያቱም እጥፉ ላይ የውጭው ገጽ ሲለጠጥ የውስጡ ይጨመቃል። የውስጡ እጥፍ ክብነት 2 ሚሊሜትር ቢሆን ፕሮግራሙ አስልቶ የሚሰጠው 96 ከግማሽ ገደማ ነው። ሥዕላችንን ያሳየናቸው ባለ እጅ ወረቀቱን እንደያዙ «የኔ ልጅ፣ ላሜራ ከውስጥ ነው የሚለካ» አሉት። ከውስጥ ሲለካ 48 እና 48፣ ድምሩ 96 ነው። በእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገርና በፕሮግራሙ ስሌት መሃል ያለው ልዩነት ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ መቁረጫቸው ራሱ ከዚያ በላይ ይበላል። ልጁ ያንን ቀን ወደ ክፍል ሲመለስ የእጥፉን ስሌት ቀመር ያለማንም ግፊት በራሱ ፈልጎ አጠና። ሰውየው ያወቁት ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ፈልጎ ነበር።

ብረት ቀጥቅጦ የሚኖርን ሰው በስሙ ከመጥራት ይልቅ በሥራው ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን በቶሎ አልሞተም። ማረሻውን የሚያበጀው፣ ሲዶለዱም የሚስለው ያ ሰው ባይኖር ጤፉ አይበቅልም ነበር። አንድ ተማሪ ሥዕሉን ይዞ ከእንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ ሲታረም፣ እርማቱንም ወደ ፋይሉ መልሶ ሲያስገባ፣ የማስተምረው ትምህርት ዋጋ እንዳለው ይሰማኛል። ፋይሉ ውስጥ ሥዕል ሠሪው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ሣጥን አለ። ከሥሩ ልኩን የሰጠው ሰው ስምም እንዲጻፍ አደርጋለሁ።

ነጥብ የምሰጠው በሥዕሉ ማማር አይደለም። እያንዳንዱ ወረቀት ዕቃውን ላላየ ሌላ ጥንድ ተማሪ ይሰጣል፤ እነሱ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በአንድ ለአሥር ያበጁታል። ሥዕሉን የሠራው ልጅ አፉን መክፈት አይችልም። የሚሠሩት ሲቸግራቸው ጥያቄያቸውን ጽፈው ያስቀምጣሉ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር ነው፣ ነጥብ ያስቀንሳል። «ቀዳዳው ከየትኛው ጫፍ ነው የሚለካው?» «ድግሩ ወደ ውጭ ስንት ይከፈታል?» «ይህ የተቆራረጠ መስመር የተደበቀ ጠርዝ ነው ወይስ መሃል መስመር?»

የቋሪቷ ልጅ ሥራ አንድ ጥያቄ ብቻ መጣበት፤ «እርፉ ለማን ቁመት ነው?» የሚል። ነጥቡን ቀነስኩባት። በማግስቱ ወረቀቱ ጥግ ላይ ትንሽ ሰንጠረዥ ሠርታ መጣች። የአራሹ ቁመት፣ የበሬው ርዝመት፣ ከዚያ የሚከተለው የእርፍና የሞፈር ልክ። አንዱ መስመር የአባቷ ነው፣ አንዱ የወንድሟ፤ ሥዕሉ ከሁለቱም ጋር ይሠራል። የቀነስኩትን ነጥብ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ ሰው በእጁ የሚይዘው ማንኛውም ዕቃ ያለዚህ ሰንጠረዥ ሲቀርብ አልቀበልም፤ በዚህ ዓመትም ከበቆሎ መፈልፈያው በፊት መጥረቢያና ዶማ ጨምሬበታለሁ።