ሆድን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፦ በአንድ ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በ2004 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የታተመው የሳሙኤል ክላይንና የባልደረቦቹ ጥናት፣ ሆድን በቀዶ ሕክምና ስለማስተካከል ሲወሳ አዘውትሮ ይጠቀሳል። አጠቃቀሱ ግን ጥናቱ ከመለሰው ጥያቄ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ተመራማሪዎቹ ከመጠን ያለፈ ውፍረት የነበራቸውን 15 ሴቶች መረመሩ፤ 7ቱ የዓይነት 2 ስኳር ሕሙማን ነበሩ። በሊፖሰክሽን አማካይነት ከሆዳቸው ቆዳ ሥር ብዙ ስብ ተመጥጦ ወጣ፤ በአማካይም 10 ኪሎ ግራም ያህል ስብ ቀነሱ። ከ10 እስከ 12 ሳምንታት በኋላ ግን የሰውነታቸው ለኢንሱሊን ምላሽ የመስጠት አቅም፣ የደም ግፊታቸውና የደም ቅባታቸው ጉልህ መሻሻል አላሳዩም።

የጥናቱ ብርታት «ስብ ከወጣ በሽታም ይወጣል» የሚለውን ግምት በልኬት መፈተኑ ነው። ውጤቱም ምክንያት አለው፦ መምጠጫው በሆድ ዕቃ ዙሪያና በጉበት ውስጥ የተከማቸውን ስብ አይነካም። ድክመቱ ደግሞ የተሳታፊዎቹ ማነስ፣ ሁሉም ሴቶች መሆናቸውና የክትትሉ ማጠር ነው። ስለሆነም በአንድ በኩል የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ መጥቀስ፣ በሌላ በኩል ጨርሶ ዘንግቶ ቀዶ ሕክምናውን እንደ ክብደት መቀነሻ ማስተዋወቅ፣ ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ጥናቱ የማይዳስሰው ዐቢይ ጉዳይ የአማራጮቹ ልዩነት ነው። ሊፖሰክሽን የሚስማማው ቆዳው ላልላላና ጡንቻው ለጠነከረ ሰው ነው። በወሊድ ምክንያት የሆድ ጡንቻዎቿ ለተራራቁና ቆዳዋ ለላላ ሴት፣ ትርፉን ቆዳ ቆርጦ የጡንቻውን ሽፋን የሚሰፋው አብዶሚኖፕላስቲ ይመረጣል። ተንጠልጥሎ ቁስልና ኢንፌክሽን ለሚያስከትል የሆድ ቆዳ ደግሞ ፓኒኩሌክቶሚ አለ፤ ይህኛው ጡንቻን ማጥበቅ ዓላማው አይደለም። ቅርጽን ወይም የቆዳን ችግር ያስተካክሉ እንጂ፣ አንዳቸውም የውፍረት በሽታን አያክሙም። በአንጻሩ የፈሳሽ መቋጠር፣ በተለይ በሚያጨሱ ሰዎች ላይ የቁስል አለመዳን፣ እንዲሁም የእግር ደም ሥር ደም መርጋትና የረጋው ደም ወደ ሳንባ መሄድ ሊከተሉ ይችላሉ።

እንግዲህ ሆዴ ይስተካከልልኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው የጤና ባለሙያው ቀዳሚ ተግባር የሆዱን መግፋት መንስኤ መለየት ነው። በሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ፣ ዕጢ፣ ሄርኒያ ወይም ያልታወቀ እርግዝና ሊሆን ይችላልና። መንስኤው ሳይለይ የሚሰጥ ምክር ሕመምተኛውን ለአላስፈላጊ ቢላዋ ይዳርጋል፤ ያልታከመው ስኳሩም አብሮት ይኖራል።