ያለቀለት ጊታር

አማርኛችን አንዳንዴ ያሾፍብናል። “ያለቀለት ዕቃ” ስንል እንከን የማይወጣለት ማለታችን ነው። “አለቀለት” ስንል ደግሞ ሰውዬው አበቃለት፣ ነጠላችሁን አዘቅዝቁ ማለታችን ነው። አንድ ግሥ ለሠርግም ለልቅሶም! ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ይህችን እንደ ቀልድ አነሳት ነበር። ሰሞኑን ግን ስለ አንድ ጊታር ሳስብ ቀልዷ ቁም ነገር ሆና አገኘኋት።

ጊታሩ ያለው ላምበረት ነው። ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ባለው መንደር አንድ ወጣት፣ አክስቱ ከአሜሪካ የላከችለትን ያልተቀባ የኤሌክትሪክ ጊታር አካልና ፍሬት ያልተመታበት አንገት ይዞ ወራት አስቆጥሯል። ፍሬት የሚባሉት በጊታር አንገት ላይ በአግድሞሽ የተተከሉት ቀጫጭን የብረት መስመሮች ናቸው። እናቱ በቫርኒሽ ሽታ ተማረዋል፤ “ቤቴን ማደያ አደረገው” ይላሉ። ጎረቤቱም ፍርዱን ሰጥቷል፦ “መላኳ ካልቀረ ያለቀለቱን ብትልክለት ምን ነበረበት?”

መቼም ጎረቤት የሚለው አያጣም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ልጁን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ፣ “ምን ቀለም ልትቀባው ነው?” ይላል። ቀይ፣ ጥቁር፣ የእንጨቱን መልክ የሚያሳይ፣ ሁሉም ምርጫ አለው። ስለ ፍሬቱ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ቀለሙ ቀላል ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት፣ ከ120 ቁጥር ተነስቶ በ180ና በ240 አድርጎ እስከ 320 ድረስ በእንጨቱ መስመር ማሸት አለ። ከዚያ ቫርኒሹን በስሱ መቀባት፣ ማድረቅ፣ ማሸት፣ እንደገና መቀባት። ላምበረት ላይ ይህ ትግል ነው። በበጋ ከመንገዱ የሚነሳው አቧራ እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ ይተኛል፤ በክረምት እርጥበቱ ያደበዝዘዋል። ልጁ መላ ሲያጣ ጊታሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀለው፤ የእናቱም ምሬት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ይሁንና የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚወለደው ከክሩ ሥር ካለው ማግኔትና በላዩ ከተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ ማግኔቱ ይሰማዋል፣ ሽቦው ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ቀለሙ በዚህ ውስጥ ድርሻው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለዓይን ነው። ለጆሮ የሚሠራው ፍሬቱ ነው። እኛ ደግሞ “አለቀ” የምንለው የተቀባውን ነው። ፎቁ መስታወት ከለበሰ አለቀ፤ ውሃው ስድስተኛ ፎቅ መድረሱን ማን ይጠይቃል? መጽሐፉ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ካገኘ አለቀ፤ ሲገልጡት አርታኢ በሩን እንኳ አላንኳኳም። ፊልሙ ፖስተሩ ካማረ አለቀ። ታሪኩስ? እሱማ ይደርሳል!

ወደ ፍሬቱ ልመለስ። የልጁ ጊታር ክር ከአንገቱ ጫፍ እስከ በርኩማው 648 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለ17.817 ሲያካፍለው 36.4 ያገኛል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ቦታ እሱ ነው። የቀረውን 611.6 እንደገና ለ17.817 ሲያካፍል፣ ሁለተኛው ፍሬት ከመጀመሪያው 34.3 ሚሊ ሜትር ርቆ ይቀመጣል። እንዲህ እያለ ሲወርድ 12ኛው ፍሬት ከክሩ እኩሌታ፣ 324 ላይ ይወድቃል። እዚያ ላይ ሲጫኑት የባዶው ክር ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይመለሳል።

ይህ ቁጥር ከሰማይ አልወረደም። ጣሊያናዊው ቪንቼንዞ ጋሊሌይ፣ የሥነ ፈለኩ ሊቅ የጋሊልዮ አባት፣ በ1581 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለሉት አንገት ያቀረበው መክፈያ 18 ነበር። ልጁ በ18 ቢያካፍል 12ኛው ፍሬት ከቦታው ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይስታል፤ ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው ይሰማዋል። 17.817 የሚመጣው ኦክታቩን 12 ቦታ እኩል እንከፍላለን ብለው ከወሰኑ በኋላ ነው። ውሳኔ ነው እንግዲህ። ሰዎች ተከራክረው፣ ያጡትን አጥተው ያገኙትን አግኝተው የደረሱበት ውሳኔ።

ክራር እንዲህ ያለ መስመር የላትም። አምስቱን ወይም ስድስቱን ክር የሚቃኘው የባለቤቱ ጆሮ ነው። ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ፣ አንቺሆዬው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ጥቂት ሰፋ፣ ጥቂት ጠበብ ይላል። ፍሬት ግን “እዚህ ነው፣ ከዚህ ውጭ የለም” ይላል። በዚህ የተነሳ ከሙዚቃ ሐያሲዎቻችን አንዳንዶቹ “ጊታር ቅኝታችንን ገደለው” እያሉ ያለቅሳሉ። ለቅሶውን አልከለክልም፣ ሟቹም ገዳዩም ግን በደንብ አልተጣሩም። የተወሰነ ድምፅ ይዞ የመጣው ጊታር ብቻ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያቸውን የነፉት ከኤሌክትሪክ ጊታር በፊት ነው። አኮርዲዮንማ ተጫዋቹ በጣቱ ሊያጠብበው ሊያሰፋው የማይችል ድምፅ ይዞ ነው የሚመጣው። ጊታር ቢያንስ ክሩን ሳብ አድርገው ከመስመሩ ሊያመልጡበት ይችላሉ። የሮሃ ባንዱ ሰላም ወልደማርያም ጊታርን በክራር አነጋገር ካናገሩት አንዱ ነው።

ፍሬትን መርገም ብቻም አይበቃም፤ ውለታም አለው። ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ፍሬት ያለው የኤሌክትሪክ ቤዝ ሲያወጣ “ፕሪሲዥን” ያለው ጣት በጨለማም ቢሆን ትክክለኛውን ድምፅ ስለሚያገኝ ነው። ሰውዬው ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር! ስምንትና ዘጠኝ ሰው ተሰብስቦ አንድ ላይ እንዲጫወት የጋራ መስመር ያስፈልገዋል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? መስመሩን ማን አሰመረው፣ ለምን አሰመረው ብለን ሳንጠይቅ መቀበላችን ላይ ነው። ልጁ ፍሬቱን መትቶ ሲጨርስ ሁሉንም በሞረድ እኩል ማድረግ አለበት። አንዱ በፀጉር ያህል ከፍ ቢል ክሩ እሱን እየነካ ይንዛዛል። ለጊታር ይህ ጉድለት ነው። በገና ደርዳሪ ዘንድ ግን ያው መንዛዛት ጸጋ ነው። በክሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባለዋን ቁራጭ ቆዳ የሚያስገባው አሥሩም አውታር እንዲንዛዙለት ብሎ ነው። አንዱ በሞረድ የሚያጠፋውን ሌላው በቆዳ ይፈልገዋል። ያለቀለት ጊታር የገዛ ሰው ይህን የሚያይበት አጋጣሚ የለውም። ሞረድ የጨበጠው ግን ማየቱ አይቀርም።

ሌሎች አይተውታል። የቱርክ ሳዝ ፍሬቱ በአንገቱ ላይ የታሰረ ክር ነው፤ እንደ ቅኝቱ ይገፋል። በሞሪታንያ ጊታሪስቶች የአገራቸውን ሙዚቃ ለማውጣት ፍሬት ጨምረዋል፣ ቦታም ቀይረዋል። ብራያን ሜይ ከአባቱ ጋር ሆኖ በ1963 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ጊታር አንገት የቀረጸው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ነው፤ በአንገቱ ላይ ያሉት ምልክቶች የእናቱ የልብስ ቁልፎች ናቸው። በኩዊን ዘመኑ ሁሉ የተጫወተበት እሱኑ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በ2007/08 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም ሳለ ካነሳቸው ጉዳዮች አንዱ ክራርን ማዘመን ነበር። ማለቂያውን ሌላ ወስኖለታል ብሎ አልተወውም።

ደግሞስ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? የቅኔ ቤቱን ተማሪ ተመልከቱ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት። ልኩን ተማሪው አላወጣውም። ነገር ግን የመምህሩን ቅኔ ስለሸመደደ ብቻ ቅኔ ቆጠረ አይባልም፤ በልኩ ውስጥ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ነገ ሌላ ይቆጥራል። እኛ ከዚያ ቤት ወጥተን የሰው ያለቀለት ስንሸመድድ ኖርን። “በሰው ወርቅ አይደምቁ” የሚለውን ተረት ለሠርግ ልብስ ብቻ ትተነዋል።

የላምበረቱ ልጅ አንድ ቀን፣ “ጋሼ፣ አያቴ በክራራቸው አንቺሆዬ ሲቃኙ የነበረው አንዱ ድምፅ ከሁለት ፍሬት መካከል ይወድቃል። የቱን ልስማ?” አለኝ። በብዙ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያቀረበልኝ ተማሪ ጥቂት ነው። የጠየቀውም እጁ ላይ መጋዝና እርሳስ ስላለ ነው። መልሱን አልሰጠሁትም፤ እሱ ግን አንድ ዘዴ አግኝቷል። የዚህ ዓይነት ጊታር አንገት ከአካሉ ጋር የተያያዘው በ4 ብሎን ስለሆነ፣ አንድ ጠራቢ ዘንድ ሄዶ ሁለተኛ አንገት ከዋንዛ አስጠርቧል። የመጀመሪያውን በ17.817 ቀጥ አድርጎ መታው፤ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወትበት እሱ ነው። ሁለተኛው ላይ ፍሬት አልመታበትም፤ ናይለን ክር እያሰረ፣ የአያቱን ክራር በአጠገቡ አድርጎ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ይገፋዋል። የብረቱ ክር ናይለኑን ቶሎ ይበላዋል፤ ሲበላው ሌላ ያስራል።

ጊታሩ እስካሁን አልተቀባም ማለት ይቻላል፤ ከጀርባው እንጨቱ ገና ይታያል። ጎረቤቱም “አሁንም አላለቀለትም?” ይላል። እኔ ደግሞ ባያልቅለት እላለሁ፤ በሁለቱም ትርጉም።