«ቀለም» ወይስ «አድማቂ»? ስለ ሆድና ዳሌ ሲቲ ስካን መግለጫዎች አተረጓጎም

ለሆድና ለዳሌ ሲቲ ስካን ለሚቀርቡ ሕሙማን የተዘጋጁ የአማርኛ መግለጫዎችን ስንመረምር፣ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን የአንድ ስያሜ አተረጓጎም ነው። በአፍ የሚጠጣው ወይም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አንድ ጊዜ «ቀለም»፣ ሌላ ጊዜ «መድኃኒት» ተብሏል። ሁለቱም ያሳስታሉ። ፈሳሹ ኤክስሬይን በመጋረድ የአንጀትና የደም ሥር ምስል ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል እንጂ አካልን አያቀልምም። «መድኃኒት» የሚለውማ ሕመምተኛውን «ታከምሁ» ያሰኘዋል።

ጉዳቱ በቃል ብቻ አይወሰንም። በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለበት በመሆኑ፣ ከዚህ ቀደም አለርጂ ያስነሣበት ወይም ኩላሊቱ የታመመ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር ይገባዋል፤ የፈሳሹን ምንነት ካልተረዳ ግን ከቶ ምን ብሎ ይናገራል?

ስለዚህ «ደመቀ» ከሚለው ግሥ የወጣውን «አድማቂ ፈሳሽ»፣ በደም ሥር ለሚሰጠውም «አዮዲን ያለበት» የሚል ቅጽል ታክሎበት፣ ለውይይት እናቀርባለን።